ዊንዶው ከተቀየረ በኋላ ዲ ድራይቭ ላይ ያለው ፎልደር አልከፈት ሲል

መጀመሪያ ተረጋጉ። ፎልደሩ ስሙ እየታየ ስትከፍቱት ብቻ እምቢ ካለ ፋይላችሁ አልጠፋም፣ ተቆልፎባችሁ ነው። "ዲንም ፎርማት እናርገውና ይስተካከላል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ላፕቶፑን ተቀብላችሁት ውጡ፣ የምሬን ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 10 የሚሰጠውን ሳፖርት ጥቅምት 4፣ 2018 ላይ ካቆመ ወዲህ ሰው ሁሉ 11 ጫኑልኝ ነው፣ ካስጫነ በኋላ ደግሞ ፎልደሬ አልከፈት አለ ብሎ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት አምባሳደር ጋ ያለችው ሱቃችን አንድ ጋሼ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ዊንዶውን ሌላ ቦታ ነው ያስጫኑት። ዲ ላይ የስንት ዓመት የፈተና ወረቀትና የልጃቸው የሰርግ ፎቶ አለ። "ልጄ፣ ሞቷል እንዴ?" አሉኝ። አይ ጋሼ፣ ቁልፉ ነው የተቀየረው አልኳቸው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ፎልደሩን ድብል ክሊክ ስታደርጉ ፐርሚሽን (ፈቃድ) የለህም ይልና ኮንቲኒው የሚል በተን ያመጣል፣ እሱን ስትጫኑ ወይ ይከፈታል (በዛው አለቀ ማለት ነው፣ ዊንዶው ራሱ ስማችሁን አስገብቶላችኋል) ወይ ደግሞ "አክሰስ ኢዝ ዲናይድ" ብሎ ይዘጋባችኋል። ከተዘጋ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ ግቡና የስሞቹን ዝርዝር እዩ። የጋሼ ላይ "አካውንት አንኖውን" ይላል፣ ከጎኑ ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር አለ። ያቺን ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁት።

ዊንዶው እናንተን የሚያውቃችሁ በስማችሁ አይደለም፣ ለአካውንታችሁ በሰጠው ኤስ አይ ዲ በሚባል ቁጥር ነው፣ ፎልደሩም ላይ የተጻፈው ይሄው ቁጥር ነው። ልክ በር ላይ ያለ ዘበኛ ዝርዝር ይዞ በመታወቂያ ቁጥር እንደሚያስገባ አስቡት፣ እናንተ አዲስ መታወቂያ አውጥታችሁ ስትመጡ ስማችሁም ፎቶአችሁም ያው ነው ግን ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ዘበኛው ደግሞ ፊት አያይም። ለዚህ ነው ድሮ በነበረው ስምና ፓስወርድ አዲስ አካውንት ብትከፍቱም የማይሰራው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ እውነተኛ አፕግሬድ ማለት የድሮው ላይ ደርቦ መጫን ነው፣ አካውንቱ ስለማይነካ ቁጥሩም አይቀየርም። እኛ ሀገር ግን አፕግሬድ ሲባል ብዙ ጊዜ ዊንዶው የሚቀመጥበትን ሲ ድራይቭ ፎርማት አድርጎ (አጥፍቶ) እንደ አዲስ መጫን ነው፣ ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው።

መፍትሄው ባለቤትነቱን ወደ አዲሱ አካውንት ማዞር ነው። አድሚን በሆነ (ሙሉ ስልጣን ባለው) አካውንት ግቡ፣ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ። ከላይ ኦውነር ከሚለው ጎን ቼንጅ አለ፣ እሱን ተጫኑና ስማችሁን ጽፋችሁ ቼክ ኔምስ በሉ፣ ከስሩ መስመር ከተሰመረበት አውቆታል ማለት ነው። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፣ በኢሜል የምትገቡ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙሉ ስማችሁ አብዛኛውን ጊዜ አይሰራም፣ ኢሜላችሁን ጻፉት፣ እሱም እምቢ ካለ አድሚኒስትሬተርስ ብላችሁ አስገቡ። ከዛ ኦውነር ከሚለው ስር "ሪፕሌስ ኦውነር ኦን ሰብኮንቴይነርስ" የሚል ሳጥን ይመጣል፣ እሱን ራይት (✓) ሳታደርጉ አፕላይ ካላችሁ የላዩ ፎልደር ብቻ ይከፈትና የውስጦቹ እንደተዘጉ ይቀራሉ፣ ከዛ መፍትሄው አይሰራም ትላላችሁ። መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ እንደገና አድቫንስድ ግቡ፣ አድ ብላችሁ ስማችሁን አስገቡና ፉል ኮንትሮል ስጡት፣ ከታች "ሪፕሌስ ኦል ቻይልድ ኦብጀክት" የሚለውንም ራይት አድርጉና አፕላይ።

ፋይሉ ብዙ ከሆነ ይቆያል፣ የጋሼ ወደ 40 ደቂቃ ፈጅቷል፣ መሃል ላይ መብራት ሄደ ግን ባትሪ ስለነበር አልተቋረጠም። ቢቋረጥባችሁም አትደንግጡ፣ የሚቀየረው ፈቃዱ ነው እንጂ ፋይሉ አይደለም፣ ከመጀመሪያው መድገም ነው።

ይሄን ስራ በየፎልደሩ አድርጉት እንጂ ሙሉ ድራይቩ ላይ አታድርጉ፣ ሲ ላይ ደግሞ በጭራሽ። እኔ ስጀምር አካባቢ አንዴ ለመፍጠን ብዬ የደንበኛ ማሽን ላይ ሙሉ ሲ ላይ ለቀቅኩት፣ ከሪስታርት በኋላ ዊንዶው አልነሳ ብሎ በነፃ እንደገና ጫንኩላቸው።

አሁን ደግሞ ከላይ ያለው የማይሰራበት። ፎልደሩ ተከፍቶ የፋይሎቹ ስም እየታየ ፋይሎቹ ብቻ ካልተከፈቱና አይከናቸው ላይ ትንሽ ቁልፍ ካለ ኢንክሪፕት ተደርገዋል (ውስጣቸው በሚስጥር ኮድ ተቆልፏል)፣ የዊንዶው ፕሮ ላይ ያለው ኢ ኤፍ ኤስ የሚባለው ነው። ባለቤትነት መቀየር አያድናችሁም፣ መክፈቻ ሰርተፍኬቱ ያለው የድሮው ሲ ውስጥ ነው፣ ባካፕ ከሌላችሁና ሲ ፎርማት ከሆነ በግልጽ ልንገራችሁ፣ አይመለስም። ሲ ላይ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚል ፎልደር ካለ ግን እንዳታጠፉት፣ ቶሎ ኮፒ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል።

ድራይቩ ራሱ ላይ ቁልፍ ካለና ሪከቨሪ ኪይ ከጠየቃችሁ ቢትሎከር (ሙሉ ድራይቩን የሚቆልፈው የዊንዶው ቁልፍ) ነው፣ 48 ዲጂት ቁጥር ይፈልጋል። ከ24ኤች2 ቨርዥን ጀምሮ ዊንዶው 11 እንደ አዲስ ሲጫን በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባ ብዙ ማሽን ላይ ሳይጠይቅ ይቆልፋል፣ ቁጥሩንም እዛው አካውንት ላይ ያስቀምጠዋል። ችግሩ ብዙ ሰው የኢሜል ነገር ስለሚሰለቸው የጫነለት ልጅ በራሱ ኢሜል ይገባለታል፣ እና ቁልፉ የልጁ ኢሜል ላይ ነው ያለው! ስልኩን ፈልጋችሁ ደውሉለት።

ፎልደሩ ጭራሽ ካልታየና ሾርትከት ብቻ ካለ የፐርሚሽን ጉዳይ አይደለም፣ የለመድነው የፍላሽ ቫይረስ ነው፣ በአንቲቫይረስ አጽዱና ሂድን የሆነውን (የተደበቀውን) መልሱ። ድራይቩ ስትነኩት "ፎርማት ካላደረግከው መጠቀም አትችልም" ካለ ግን ካንስል በሉት፣ ምንም ነገር አትጻፉበት፣ የተበላሸው ዲስኩ ራሱ ሊሆን ስለሚችል ሪከቨሪ ለሚሰራ ሰው ስጡት።

ጋሼ ፎቶው ሲከፈት መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ተጠግተው አንድ በአንድ አዩ። እኔ ደግሞ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ካልገዙ አልለቅዎትም ብያቸው ኮፒ እያደረግን አመሸን።