እንግሊዝ ስትገባ እጅህን ሰብስብ

ደብረ ማርቆስ ላይ አንዱን በጥፊ ብትለው የሚከተለውን ታውቀዋለህ። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ትታረቃላችሁ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችንም አንቀጽ 560 ላይ፣ ጉዳት ያላደረሰ ምት የሚያስከስሰው ተመቺው አቤት ሲል ነው ይላል። ለትምህርትም ሆነ ለሥራ እንግሊዝ የምትሄድ ከሆነ ግን ይሄን እዚሁ ጥለኸው ሂድ።

እዚያ ወንጀል ለመሆን ደምም እብጠትም አያስፈልግም። ሆን ብለህ ወይም ግድ ሳይኖርህ ሰውን ያለ ፈቃዱ ከነካህ በቃ። መትፋትም፣ የለበሰውን ልብስ ጨምድዶ መያዝም ያው ነው። በፈረንጆቹ 1984 የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ፦ አንዲት ፖሊስ ጥላት የምትሄድ ሴትን ለማነጋገር ብላ ክንዷን ያዘች፣ ልታስራት አልነበረም። ፍርድ ቤቱ አጥፊዋ ፖሊሷ ናት አለ። ሰው ሲበዛ መገፋፋትና «ይቅርታ» ብሎ ትከሻ መታ ማድረግ ግን የኑሮ ነገር ነው፣ አያስከስስም።

ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራት ይደርሳል።

ሰው ሊመታህ ከመጣ ራስህን ተከላከል፣ እስኪያሳርፍብህ መጠበቅ የለብህም። ሸሽቶ ሲሄድ ተከትለህ ከዠለጥከው ግን ተከሳሹ አንተ ነህ።

ከተያዝክ በነፃ ጠበቃና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ። እነሱ ሳይመጡ «አዎ መታሁት፣ እሱም ሰድቦኛል» እያልክ ወሬ አትጀምር፤ ስድብ መልስ አይሆንልህም። ፖሊስ «ጥፋትህን እመንና በማስጠንቀቂያ ይለፍ» ካለህም ጠበቃውን ሳታማክር እንዳትፈርም፣ መዝገብህ ላይ ይቀራል።

አሁን የኛን ሰው የሚያስቸግረው ነገር። ክሱ የተመቺው አይደለም፣ የዐቃቤ ሕግ ነው። ተመቺው «ታርቀናል» ቢል እንኳ ሊቀጥሉበት ይችላሉ። በዋስ ሲለቁህ ደግሞ ብዙ ጊዜ «በራስህም በሰውም በኩል እንዳታገኘው» የሚል ገደብ ያደርጉብሃል። ታዲያ አጎትህ በቅን ልቡ ሁለት የደጀን ሰዎች ይዞ ለእርቅ ተመቺው ቤት ድረስ ቢሄድ፣ አንተ የዋስትና ግዴታህን አፈረስክ ተብለህ መልሰህ ልትታሰር ትችላለህ! ምስክር ማስፈራራት ነው ሊባልም ይችላል። ስለዚህ ለዘመዶችህ ቀድመህ ንገራቸው፣ እርቁ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

የተመታኸው አንተ ከሆንክ፣ አደጋው እዚያው ካለ 999፣ ካለፈ 101 ደውል። አብዛኛውን ጊዜ ክሱ በ6 ወር ውስጥ ካልተከፈተ ያልፍበታልና አታዘግየው።