ለበዓል እራት ቀይ ወይን አመራረጥና አቀማመስ

እኛ ቤት የበዓሉን ወይን የምገዛው እኔ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። ከሹመቱ ያተረፍኩት አንድ ትዝብት ነው፤ ሁሉም አድንቆት ብርጭቆው ውስጥ ግማሹ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ውዱ ወይን ነው። ቶሎ የሚያልቀው ለስለስ ያለው ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ ስገዛ "የትኛው ይበልጣል?" አልልም። "የትኛውን ይደግሙታል?" ነው የምለው።

ነገሩ ያለው ታኒኑ ላይ ነው። ታኒን ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ፣ ድድና ምላስ የሚያደርቅ ነገር ነው። ከወይን ፍሬ ዓይነቶች ካቤርኔ ሶቪኞ ብዙ አለው፤ ፒኖ ኗርና ጋሜ ትንሽ። ሜርሎ መሃል ላይ ነው። ወይን የማያዘወትር ሰው ካቤርኔን በባዶ አፉ ሲጎነጭ ፊቱን ያጨማድዳል። ያው ሰው ቅባት ያለው ጥብስ ሥጋ ጎርሶ ከላይ ቢጠጣው ግን ይስማማዋል፤ ታኒኑ የሥጋውን ፕሮቲን ሲይዝ ምላሱን ይለቀዋል። እና ጠንካራውን ወይን ጠልቼው አይደለም፣ ምግብ ሳይቀርብ አላስከፍተውም እንጂ።

አክስቴ "ጣፋጭ ካልሆነ አልነካም" ትላለች። ምንም ሳልል ቀዝቀዝ ያለ ጋሜ እቀዳላታለሁ። ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ እንጆሪ እንጆሪ ማለቱ ግን ጣፋጭ ያስመስለዋል። እስካሁን አልተነቃብኝም።

ጠርሙሱ ላይ መጀመሪያ የማየው የአልኮል መጠኑን ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቅኔ እዘለዋለሁ። የሚያቃጥል ምግብ ካለ 15 በመቶ የሚል ወይን ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ 12 ወይም 13 ይበቃል። የፈረንሳይ ወይን ብዙ ጊዜ የፍሬውን ሳይሆን የአካባቢውን ስም ይጽፋል፤ ቦዦሌ ካለ ቀዩ ጋሜ ነው፣ የቡርጎኝ ቀይ ደግሞ በአብዛኛው ፒኖ ኗር። የስፔኑ የሪዮሃ አካባቢ ወይን ላይ "ሬሴርቫ" ማለት ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱን በእንጨት በርሜል። ሌላ አገር ተመሳሳይ ቃል ካዩ ብዙም አይመኑት፣ ሕግ የማይጠይቀው ቦታ አለ።

መጠኑን በተመለከተ፣ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። እኔ ለሚጠጣ ሰው ግማሽ ጠርሙስ አስቤ እገዛለሁ። መኪና የሚነዱትን አልቆጥርም።

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ቤቶች ቀዝቃዛ በነበሩበት ዘመን የተባለ ነው። ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ለስላሳው ወደ 14 ይጠጋ። ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ማስገባት ይበቃል። ሲሞቅ መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው አልኮሉ ነው። ቡሹን ነቅሎ "ይተንፍስ" ብሎ መተው ደግሞ እምብዛም አይረዳም፤ በዚያ ጠባብ አንገት ምን አየር ይገባል? ጠንካራና ወጣት ከሆነ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጡት።

እንግዶች ሳይመጡ ቅመሱት። ብርጭቆውን ሲሶ ያህል ብቻ ቅዱና ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድማችሁ ጠርዙን እዩ፤ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው ወጣት ነው፣ ወደ ሸክላ ቀለም ካደላ ሰንብቷል። የብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደውን "እንባ" አይተው ጥራቱን የሚያደንቁ ዘመዶች አይጠፉም፤ እሱ በዋናነት የሚያሳየው አልኮሉን ነው። ከዚያ ሳታዞሩት አሽትቱ፣ ቀጥሎ የብርጭቆውን እግር ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሁለት ሦስቴ አዙሩና እንደገና አሽትቱ። የረጠበ ካርቶን ከሸተታችሁ ቡሹ አበላሽቶታል። ጤና አይጎዳም፣ ግን አየር ስላገኘ አይስተካከልም፤ ሌላ ክፈቱ።

ጉንጫችሁን ሞልታችሁ ሳይሆን ትንሽ ተጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። ጎንና ጎኑ ምራቅ ካፈሰሰ አሲዱ ነው፤ ከምግብ ጋር የሚያስኬደውም እሱ ነው። ድድ ካደረቀ ታኒኑ፣ ጉሮሮ ካሞቀ አልኮሉ። ከዋጣችሁ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ አዳምጡ። ወዲያው ከጠፋ ለመክፈቻ ይሁን፤ ከቆየ ለዋናው ምግብ አስቀምጡት።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ክተቱት፣ ቀይም ቢሆን። ሦስት ቀን ያህል ደህና ይቆያል። ከመጠጣታችሁ በፊት ትንሽ ቀደም ብላችሁ ማውጣት ብቻ ነው።