በዋሽንግተን ዙሪያ በአንቴና ቴሌቪዥን ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ልጄ፣ 4 ይመጣል፣ 5ም ይመጣል። 7ና 9 ግን ከጠፉ ሰነበቱ። ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ይሆን?»

በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት በስልክ ያሉኝ ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ከአሌክሳንድሪያም ከውድብሪጅም ይመጣልኛል፤ በትርፍ ጊዜዬ ለዘመድ ለጎረቤት አንቴና መትከል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ቴሌቪዥኑ አላረጀም። ችግሩ ብዙ ጊዜ አንቴናው፣ የተቀመጠበት ቦታ ወይም በሪሞቱ ያልተነካ አንድ ምርጫ ነው። ዜናውም፣ ኳሱም፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያውም ያለ ወርሃዊ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ይመጣል። ይህ በጡረታ ገንዘብ ለሚኖሩ አባቶችና እናቶች ትልቅ ነገር ነው፤ በትንሽ ስህተት ሲያጡት ሳይ ያንገበግበኛል።

7ና 9ን የማይቀበል አንቴና መግዛት

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። በስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር የጣቢያው መጠሪያ ነው፤ ሞገዱ የሚመጣበት ቻናል ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2009 በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አናሎጉን ዘግተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ብዙዎቹ የሚሰራጩበትን ቻናል ለወጡ። ተመልካቹ እንዳይደናገር ግን የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ቀሩ። ዛሬ በዋሽንግተን 4 ብለን የምንከፍተው ጣቢያ የሚሰራጨው በ34 ነው። 5ና 20 ሁለቱም በአንድ ሞገድ ተጭነው በ36 ይመጣሉ። 26 ደግሞ በ31። እነዚህ ሁሉ ዩኤችኤፍ በሚባለው ክልል ውስጥ ናቸው። 7ና 9 ግን ዛሬም በዚያው በ7ና በ9 ይሰራጫሉ፤ ይህ ክልል ቪኤችኤፍ ይባላል።

አንቴና በደንብ የሚሠራው ርዝመቱ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ጋር ሲቀራረብ ነው። ለዩኤችኤፍ ከ25 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለ7ና ለ9 ግን 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ መስኮት ላይ የሚለጠፈው እንደ ወረቀት የሳሳ አንቴና 4ንና 5ን አጥርቶ እያሳየ 7ንና 9ን ቢጥል አልተበላሸም፤ መጠኑ አይደርስም። ካርቶኑ ላይ «ሁሉንም ቻናል ይቀበላል» ቢል እንኳ ካርቶኑን ሳይሆን የአንቴናውን ስፋት ይመልከቱ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለት የሚሳቡ ዘንጎች ያሉት የድሮው ዓይነት አንቴና ለ7ና ለ9 ከብዙዎቹ ዘመናዊ ስስ አንቴናዎች ይበልጣል። ብዙ ሰው ግን ዘንጎቹን እስከ መጨረሻው ስቦ ሽቅብ ያቆማቸዋል። እያንዳንዱን ዘንግ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 16 ኢንች ያህል ብቻ ይሳቡና እጁን ግራና ቀኝ እንደዘረጋ ሰው ጋደም ያድርጓቸው። የዘንጎቹ ጫፍ ጣቢያው ወደሚሰራጭበት ማማ እንዳይጠቁም፤ ማማውን ፊት ለፊት ማየት አለባቸው። እኚያ እናት ቤት የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ 7ም 9ም በዚያው ምሽት መጡ።

ቪኤችኤፍ ሌላም ጠላት አለው፤ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ጫጫታ። አንድ ቤት 9 የሚጠፋው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ብዙ ከለፋሁ በኋላ የደረስኩበት፣ ከአንቴናው አጠገብ ያለው ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ሲበራ ጣቢያው እንደሚጠፋ ነው። አምፖሉ ተቀየረ፣ 9 ተመለሰ። የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ ያውካል።

ምስሉ ጥሩ ከሆነ ሲግናሉም ጥሩ ነው ማለት

አገር ቤት በአናሎግ ዘመን ያደግን ሰዎች ዓይናችን በሌላ ነገር የሠለጠነ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ ሌላው ከታች «ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ እዚያው ተወው!» ይላል። ሲግናሉ ሲደክም ምስሉ ነጠብጣብ ይለብሳል፣ ድምፁ ይሻክራል፤ ግን ይታያል። ድካሙን በዓይን እናውቀው ነበር።

ዲጂታል እንዲህ አያስጠነቅቅም። ሲግናሉ ከሚያስፈልገው መጠን በጥቂቱ ብቻ ከፍ ቢልም ምስሉ ፍጹም ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በጥቂቱ ዝቅ ሲል ወዲያው ይቆራረጣል፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይበታተናል፣ ከዚያም ይጠፋል። ስለዚህ በጸሐይ ቀን ከሰዓት አስተካክለው «አለቀ» ብለው የሄዱበት አንቴና በነፋስ ወይም በዝናብ ምሽት ሊከዳ ይችላል። በክረምት የሠራ አንቴና ግንቦት ላይ ዛፉ ቅጠል ሲያወጣ የሚያቆመውም ለዚህ ነው። በብዙ ቴሌቪዥኖች ቅንብር ውስጥ የሲግናሉን ጥንካሬና ጥራት የሚያሳይ መለኪያ አለ። አንቴናውን ሲያስተካክሉ እሱን ይዩ፤ በጣም ደካማ በሆነው ጣቢያ ላይ አድርገው ያስተካክሉ። ጠንካራውማ ራሱን ይችላል።

አቅጣጫን ከዲሽ ጋር ማምታታት

ዲሽ ሰማይ ያያል፤ ይህ አንቴና ግን አድማስ ነው የሚያየው። አንዳንድ አባቶች አንቴናውን ወደ ላይ አንጋጠው ሲያስቀምጡት አግኝቻለሁ። የዋሽንግተን ዋና ዋና ማማዎች በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ በቴንሊታውንና ከዚያ ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ በኩል ይገኛሉ። ቴንሊታውን የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የከተማዋ ከፍተኛ መሬት እዚያ ፎርት ሪኖ ላይ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 125 ሜትር ያህል። ከአሌክሳንድሪያ ሲታይ ማማዎቹ በሰሜን ናቸው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲታይ በደቡብ ምዕራብ።

ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ደግሞ ልዩ ዕድል አለ። የባልቲሞር ጣቢያዎች ከከተማዋ «ቲቪ ሂል» ከተባለው ኮረብታ ይሰራጫሉ፤ ይህም 30 ማይል ያህል ርቆ በሰሜን ምስራቅ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከበስተኋላው አንጸባራቂ መረብ የሌለው አንቴና ከፊትም ከኋላም እኩል ይቀበላል፤ በዚያ መስመር ላይ በትክክል ከተቀመጠ የሁለቱንም ከተሞች ጣቢያዎች ሊያመጣ ይችላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል ውድ አንቴና ገዝተው ባልቲሞርን ያጡ ሰዎች አይቻለሁ።

አቅጣጫውን በግምት አይወስኑ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ፣ ኤፍሲሲ፣ አድራሻ ሲያስገቡ የትኛው ጣቢያ ከየት በኩልና በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ በድረ ገጹ አለው። በነጻ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መደበቅ

ሳሎን እንዲያምር አንቴናውን ከቴሌቪዥኑ ኋላ መሸጎጥ የተለመደ ነው። ቴሌቪዥኑ ራሱ ብረትና ጫጫታ ነው። መስኮት ይሻላል፣ ግን ሁሉም መስኮት አንድ አይደለም፤ ሙቀት እንዳያስወጣ ተብሎ በስሱ ብረት የተቀባ ዘመናዊ መስታወት ሞገዱን ይመልሰዋል። በእንዲህ ያለ አፓርታማ ከመስታወቱ ይልቅ ከጎኑ ያለው ግድግዳ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚደርስ 30 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ሰው ሲያልፍ ምስሉ የሚቆራረጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ጣቢያ ሲጠፋ ማጉያ መግዛት

ማጉያ፣ ማለትም አምፕሊፋየር፣ አንቴናው ያልያዘውን ሲግናል አይፈጥርም። ያለውን ከነጫጫታው ያጎላል። ከማማዎቹ 5 ማይል ርቀት ላይ ያለ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል፤ ኃይለኛው ሲግናል ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ያጨናንቀውና ደህና የነበሩት ጣቢያዎች ይጠፋሉ። የሚያስፈልገው ገመዱ ሲረዝም፣ ሲግናሉ ለብዙ ክፍል ሲከፋፈል ወይም ቤቱ ሩቅ ሲሆን ነው፤ ያኔም ቦታው ከአንቴናው አጠገብ ነው እንጂ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አይደለም።

ያለ ማጉያው ለመሞከር ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም። አብዛኛው ማጉያ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ሲግናሉን ይዘጋል፤ ከገመዱ መሃል አውጥተው አንቴናውን በቀጥታ ያገናኙ።

ከዚሁ ጋር ስለ ገመድ አንድ ነገር ልበል። ባለ ሁለት መውጫ ማከፋፈያ፣ ስፕሊተር የምንለው፣ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ከግማሽ ያነሰ ሲግናል ነው የሚሰጠው፤ ባለ አራቱ ከሩብ ያነሰ። ድሮ የኬብል ድርጅቱ ተክሎት የሄደው ባለ ብዙ መውጫ ማከፋፈያ ምድር ቤት ውስጥ ተረስቶ ሲግናሉን ሲበላ ደጋግሜ አግኝቻለሁ።

በካርቶን ላይ በተጻፈ ማይል መታለል

«200 ማይል» የሚል አንቴና አይግዙ። ምድር ክብ ናት፤ በተለመደው ሁኔታ ከ60 ወይም ከ70 ማይል በኋላ ማማው ከአድማስ በታች ይሆናል፣ ያንን የሚያልፍ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ የለም። «ለ4ኬ ቴሌቪዥን» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አንቴና ሞገድ እንጂ የምስል ጥራት አይለይም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን ያመጣል ተብለው የገዙም አሉ። ለእነዚያ ኢንተርኔት ወይም ሳተላይት ያስፈልጋል።

ስካን አለማድረግ፣ ወይም በተሳሳተው ስካን ማድረግ

ጣቢያዎች ይንቀሳቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት ከ38 እስከ 51 ያሉትን ቻናሎች ለሞባይል ስልክ ድርጅቶች በጨረታ ከሸጠ በኋላ በአገሩ ሁሉ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ጣቢያዎች እስከ 2020 ድረስ ቦታ ቀይረዋል። እንደገና ስካን ያላደረገ፣ ማለትም ጣቢያዎቹን እንደ አዲስ ፈልጎ ያልመዘገበ፣ ቴሌቪዥን አሁንም በባዶው ቦታ ይፈልጋቸዋል። ስካን ሲያደርጉ ምርጫው «ኬብል» ላይ ሳይሆን «አንቴና» ወይም «ኤር» ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሚጠሩኝ ቤቶች የስንቱ መፍትሔ ይህ ብቻ ነው። ደግሞም አብዛኛው ቴሌቪዥን አዲስ ስካን ሲጀምር የድሮውን ዝርዝር ያጠፋልና አንቴናው በደንብ ሳይቀመጥ ቁልፉን አይጫኑ።

አከራዩን ፈርቶ መተው

ብዙ ወገኖቻችን «ኮንዶው አይፈቅድም» ብለው ይቀመጣሉ። የኤፍሲሲ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የቤት ባለቤትን፣ ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ተከራይንም ይጠብቃል፤ ለብቻዎ በሚጠቀሙበት ቦታ፣ ለምሳሌ በራስዎ በረንዳ፣ የቴሌቪዥን አንቴና ማስቀመጥ ይችላሉ። የጋራ ጣሪያንና የጋራ የውጭ ግድግዳን ግን አይጨምርም፤ እነሱን መብሳት ፈቃድ ይጠይቃል። በረንዳ ላይ ከባድ መደብ ያለው ማቆሚያ ይበቃል።

ቤትዎ የራስዎ ሆኖ ጣሪያ ላይ ከተከሉ መሬት ማስያዝን አይዝለሉ። ምሰሶውም ገመዱም ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ጋር በመዳብ ሽቦ መያያዝ አለባቸው። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ በማይነካበት ርቀት ላይ ይተከል። ይህን የማያውቅ ሰው መሰላል ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ቦታውን ሳያመለክቱ መሄድ

ይህ የእኔው ስህተት ነበር። ለእኚያ እናት ሁሉን አስተካክዬ በሄድኩ በሳምንቱ ደወሉ፤ ለበዓል ቤቱን ሲያጸዱ አንቴናውን አንስተው ሲመልሱት ቦታው ጠፋባቸው። አሁን ከመውጣቴ በፊት አንቴናው የቆመበትን ዙሪያ በቀለም ፕላስተር እከብባለሁ፤ ዘንጎቹ በሚቆሙበት ላይም ትንሽ ፕላስተር አደርጋለሁ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ በትልቁ በአማርኛ ጽፌ እለጥፋለሁ፦ የትኛው ቁልፍ፣ ከዚያ የትኛው፣ መጨረሻ ላይ «አንቴና» የሚለው።