የሄጅ ፈንድ ሰነድ እንዴት ይነበባል፦ ክፍያው፣ የደንበኛ መመዘኛውና የስጋት መግለጫው

ሄጅ ፈንድ ከተወሰኑ ባለሀብቶች ገንዘብ ሰብስቦ በተለያየ ስልት የሚነግድ የግል ፈንድ ነው። በአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤስኢሲ፣ የተመዘገበ የሄጅ ፈንድ አስተዳዳሪ ፎርም ኤዲቪ የሚባል ሰነድ የማስገባት ግዴታ አለበት። ለአንባቢ የሚጠቅሙት ሁለት ክፍሎች ናቸው። ክፍል 1 በቁጥርና በ«አዎ» ወይም «አይ» የሚሞላ ቅጽ ነው። ክፍል 2ሀ ደግሞ ብሮሹር ይባላል፤ በተራ ቋንቋ ይጻፋል፣ 18 ርዕሶች አሉት። ሁለቱንም ማንም ሰው ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ በነጻ ሊያወርዳቸው ይችላል።

ብሮሹሩን ከርዕስ 1 ጀምሮ በተራ ማንበብ አያዋጣም። ርዕስ 5 ክፍያን፣ ርዕስ 6 ከትርፍ የሚቆረጠውን ድርሻ፣ ርዕስ 7 ደንበኞችን፣ ርዕስ 8 ስልትንና ስጋትን ይይዛሉ። የሚሻለው አራቱን ዘርግቶ ማስተያየት ነው። አስተዳዳሪው ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ በእርስዎ ገንዘብ ምን ዓይነት ስጋት ለመውሰድ እንደሚገፋፋ ይናገራልና።

ብሮሹር ፈልገው ካጡ አይደንግጡ። በአሜሪካ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆኑ የግል ፈንዶችን ብቻ የሚያስተዳድር ሰው ከምዝገባ ነጻ ስለሆነ ከክፍል 1 ጥቂቱን ብቻ ይሞላል፤ ብሮሹር አያዘጋጅም። ያኔ መረጃው ያለው በፈንዱ የሽያጭ ማብራሪያና በሽርክና ውሉ ውስጥ ነው። ብሮሹር ቢኖርም እንኳ ከውሉ ጋር ሲጋጭ ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ውሉ ስለሆነ የክፍያውን አንቀጽ ከውሉ ላይ ያረጋግጡ።

ክፍያውን በወረቀት ላይ ያስሉት

«2 እና 20» የሚባለው ልማድ ሁለት ክፍያዎችን ያጣምራል፦ በየዓመቱ ከጠቅላላው ገንዘብ 2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ የአፈጻጸም ክፍያ። እ.ኤ.አ. በ1949 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያውን ሄጅ ፈንድ እንዳቋቋመ የሚነገርለት አልፍሬድ ዊንስሎው ጆንስ ከትርፍ 20 በመቶ ይወስድ ነበር፤ ትርፍ ሳይኖር የሚከፈለው 2 በመቶ የኋላ ጭማሪ ነው። ዛሬ ከዚህ በታች የሚያስከፍሉ ብዙ ፈንዶች አሉ፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

1 ሚሊዮን ዶላር አስገብተው ፈንዱ በዓመቱ ከክፍያ በፊት 10 በመቶ አተረፈ እንበል። ትርፉ 100,000 ዶላር ነው። 20,000 ለአስተዳደር ይቀነሳል፤ ከቀሪው 80,000 ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም 16,000፣ ለአፈጻጸም ይሄዳል። ለእርስዎ 64,000 ይተርፋል። አሁን ትርፉን ወደ 4 በመቶ ያውርዱት። ከ40,000 ዶላር ላይ 20,000 ለአስተዳደር፣ 4,000 ለአፈጻጸም ሄዶ የሚደርስዎ 16,000 ብቻ ነው፤ ከትርፉ 60 በመቶውን አስተዳዳሪው ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ስልቱ ዝቅተኛ ግን የተረጋጋ ትርፍ የሚያመጣ ከሆነ ሊከራከሩበት የሚገባው 20ው ሳይሆን 2ቱ ነው።

ቀጥለው ኸርድል የሚባለውን፣ ማለትም የአፈጻጸም ክፍያ ከመታሰቡ በፊት መታለፍ ያለበትን ዝቅተኛ ትርፍ ይፈልጉ። ሁለት ዓይነት ነው። በ10 በመቶው ምሳሌ ላይ 5 በመቶ ኸርድል ቢኖር፣ ጠንካራው ዓይነት ከ5 በመቶው በላይ ባለው 30,000 ዶላር ላይ ብቻ ስለሚታሰብ ክፍያው 6,000 ይሆናል። ለስላሳው ዓይነት ግን መስመሩ አንዴ ከታለፈ በሙሉው 80,000 ላይ ስለሚታሰብ ተመልሶ 16,000 ነው። «ኸርድል አለን» የሚል የሽያጭ ወረቀት የትኛው እንደሆነ ላይናገር ይችላል፤ ይጠይቁ።

ሃይ ዋተር ማርክ ደግሞ ፈንዱ ቀድሞ ደርሶበት የነበረውን ከፍተኛ ዋጋ እስኪያልፍ ድረስ የአፈጻጸም ክፍያ እንዳይወሰድ የሚከለክል ደንብ ነው። 100 የነበረው ወደ 80 ወርዶ፣ በሚቀጥለው ዓመት 96 ቢደርስ ክፍያ የለም። በሦስተኛው ዓመት 110 ከገባ የሚታሰበው ከ100 በላይ ባለው 10 ላይ ነው። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ ከአስተዳዳሪው ወገን ሲያዩት ይታያል። 20 በመቶ የከሰረ ፈንድ ወደ ቦታው ለመመለስ 25 በመቶ ማትረፍ አለበት፤ እስከዚያ ሠራተኞቹ ጉርሻ አያገኙም፣ ጎበዞቹ ይለቃሉ። ያን ጊዜ አስተዳዳሪው ወይ ስጋቱን ያሳድጋል፣ ወይ ፈንዱን ዘግቶ በአዲስ ስም ሌላ ይከፍታል። አንዳንዶች ይህን ለማስቀረት የተሻሻለ ደንብ ያስገባሉ፤ ኪሳራው እስኪካካስ ግማሽ ክፍያ ይወስዳሉ፣ በምትኩ የቅናሹን ዘመን ያራዝማሉ። ይህ ሁልጊዜ የከፋ ውል አይደለም፤ አስተዳዳሪው ሥራው ላይ እንዲቆይ ምክንያት ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው የሚዘልላት ቃል «ክፍያው የሚጸናበት ጊዜ» ናት። በየሩብ ዓመቱ የሚጸና ክፍያ በመጀመሪያው ሩብ ላይ 10 በመቶ ከተተረፈ ወዲያው ይቆረጣል፤ በሁለተኛው ሩብ ትርፉ ተመልሶ ቢጠፋም የተቆረጠው አይመለስም። በዓመቱ መጨረሻ የሚጸና ቢሆን ኖሮ ምንም አይከፈልም ነበር። በዓመት አንዴ እንዲሆን ይሞክሩ።

ከዚያ ወጪዎቹ ይመጣሉ። የኦዲት፣ የሕግና የሒሳብ አያያዝ ወጪ ከፈንዱ መከፈሉ የተለመደ ነው። የአስተዳዳሪው ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይና የመረጃ ግዢ ጭምር በቀጥታ ወደ ፈንዱ የሚተላለፍ ከሆነ ግን የአስተዳደር ክፍያው «ዜሮ» ቢባልም አያታልልዎ። በውስጣቸው ብዙ የንግድ ቡድኖች ያሏቸው ፈንዶች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሁለት ቡድኖች እኩል ገንዘብ ይዘው አንዱ 10 ሚሊዮን ዶላር ቢያተርፍ፣ ሌላው 10 ሚሊዮን ቢከስር የፈንዱ ትርፍ ዜሮ ነው። ያተረፈው ቡድን ግን 20 በመቶውን፣ 2 ሚሊዮን፣ ይወስዳል፤ ያንን የሚከፍሉት ኢንቨስተሮቹ ናቸው።

በመጨረሻ ርዕስ 5 ላይ ክፍያው አስቀድሞ የሚወሰድ መሆኑንና በሩብ ዓመቱ መካከል ቢወጡ እንዴት እንደሚመለስልዎ ይፈትሹ፤ ይህን መግለጽ ግዴታ ነው። የክፍያ ሠንጠረዡ ራሱ ከሌለ ደግሞ ሕጉን ጥሰዋል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብሮሹሩ «ብቁ ገዢ» ለሚባሉት (መመዘኛው ከታች አለ) ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሠንጠረዡን መተው ይፈቀዳል።

በር ላይ የሚጠየቀው

የአሜሪካ ሕግ «ማን ይግባ» የሚለውን በአንድ መመዘኛ አይጨርሰውም፤ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ለሰው ግራ የሚገባው ሦስቱን ሲደባልቅ ነው።

የመጀመሪያው ድርሻው ለማን ሊሸጥ ይችላል የሚለው ነው። እዚህ የሚያገለግለው «እውቅና ያለው ኢንቨስተር» የሚባለው መመዘኛ ነው፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት በእያንዳንዱ ከ200,000 ዶላር በላይ፣ ከትዳር አጋር ጋር ከ300,000 በላይ ገቢ ያለው፣ በያዝነውም ዓመት ያንኑ የሚጠብቅ፤ አለዚያም የተጣራ ሀብቱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ። መኖሪያ ቤት ከሀብቱ አይቆጠርም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ብድሩ ነው፦ ድርሻውን ከመግዛትዎ በፊት ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ቤቱን አስይዘው የተበደሩት ገንዘብ እንደ ዕዳ ይታሰባል። ከ2020 ወዲህ ከተወሰኑ የሙያ ፈቃዶች የጸና አንዱን የያዙ ሰዎችም በዚህ መመዘኛ ይገባሉ። ፈንዱ በይፋ ካስተዋወቀ መመዘኛውን ማሟላትዎን የማረጋገጥ ግዴታ ስላለበት ከቅጽ በላይ ማስረጃ ቢጠይቅዎ አይገርምም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከእርስዎ የአፈጻጸም ክፍያ መውሰድ ይችላል ወይ ነው። የተመዘገበ አስተዳዳሪ ይህን ክፍያ የሚወስደው «ብቁ ደንበኛ» ከሚባለው ነው። በ2021 የተቀመጠው ልክ በአስተዳዳሪው ዘንድ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ወይም የተጣራ ሀብት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በየአምስት ዓመቱ ለዋጋ ንረት ይስተካከላልና የሚፈርሙበትን ጊዜ ቁጥር ይመልከቱ።

ሦስተኛው ፈንዱ ራሱ ከ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ ነጻ የሚሆንበት መንገድ ነው። አንዱ መንገድ ኢንቨስተሮችን በ100 ይገድባል። ሌላው በቁጥር ሰፋ ያለ ነው፤ ግን ሁሉም «ብቁ ገዢ» መሆን አለባቸው፤ ለግለሰብ ይህ 5 ሚሊዮን ዶላር የኢንቨስትመንት ሀብት ማለት ነው። 100 ሰው ብቻ የሚይዝ ፈንድ እያንዳንዷን ቦታ በትልቅ ገንዘብ መሙላት ስለሚፈልግ ዝቅተኛው መግቢያ ይወደዳል። ርዕስ 7 ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ግን ብዙውን ጊዜ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ሊቀነስ ይችላል።

ለሌሎች የተቀነሰላቸውን ማወቅ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ትልልቅ ኢንቨስተሮች ከዋናው ውል ውጪ በሚፈረም የጎን ደብዳቤ የተለየ ክፍያ ወይም ፈጥኖ የመውጣት መብት ይቀበላሉ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከእኔ በፊት የመውጣት መብት ያለው አለ ወይ? ለሌላው የተሰጠው ለእኔም እንዲሰጠኝ የሚል አንቀጽ ይገባልኛል ወይ? ሁለተኛው በትንሽ ገንዘብ አይገኝም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ግን ይገባዎታል።

አንድ የሕግ ነጥብ ደግሞ አለ። በ2006 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት የአስተዳዳሪው «ደንበኛ» ፈንዱ እንጂ በፈንዱ ውስጥ ያሉት ኢንቨስተሮች እንዳልሆኑ ወስኗል። ብሮሹሩን ማድረስ ያለበትም ለደንበኛው ነው። ስለዚህ እስኪሰጥዎ አይጠብቁ፤ ራስዎ ያውርዱ።

የስጋት መግለጫውን ማጥራት

ርዕስ 8 ብዙውን ጊዜ የብሮሹሩ ረጅሙ ክፍል ነው። የርዝመቱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ በጠበቃ የተጻፈው አስተዳዳሪውን ከክስ ለመጠበቅ ነው። የሚሠራው ዘዴ እርሳስ ይዞ ለየትኛውም ፈንድ ሊጻፍ የሚችለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ መሰረዝ ነው፤ «ገበያ ሊወርድ ይችላል»፣ «ያለፈ ውጤት ለወደፊቱ ዋስትና አይሆንም» ይሰረዛሉ። የሚቀረው ጥቂት ገጽ ነው፤ መረጃው እዚያ አለ።

በቀረው ውስጥ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ይጠርጥሩ። አስተዳዳሪው የጥቅም ግጭት ቀድሞውኑ እያለበት «ሊኖር ይችላል» ብሎ መጻፉ በቂ መግለጫ እንዳልሆነ በ2019 ያው ይግባኝ ፍርድ ቤት አጽንቷል። በእያንዳንዱ «ይችላል» አጠገብ «አሁን አለ ወይ?» ብለው ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የስልቱ ስምም ዋስትና አይደለም። በ2006 የተፈጥሮ ጋዝ ንግድ ላይ 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የከሰረው አማራንዝ ራሱን የሚገልጸው ብዙ ስልት እንዳለው ፈንድ ነበር። «በአንድ ንግድ ላይ የምናስቀምጠው ከዚህ አይበልጥም» የሚል ቁጥር ከሌለ ገደብ የለም ብለው ያንብቡት።

አሁን ወደ ክፍል 1 ይመለሱ፤ ስለ እያንዳንዱ ፈንድ የሚሞላው ዝርዝር እዚያ ነው። ጠቅላላ የንብረት ዋጋው፣ የባለድርሻዎች ቁጥር፣ አስተዳዳሪውና የቅርብ ሰዎቹ ምን ያህል በመቶ እንደያዙ፣ ኦዲተሩ፣ ፕራይም ብሮከሩ (ለፈንዱ የሚያበድረውና ንግዱን የሚያስፈጽምለት ደላላ)፣ ንብረት ጠባቂው በስም ይጠቀሳሉ። በብድር የሚሠራ ፈንድ እዚህ ላይ ዕዳው ሳይቀነስ ስለሚጻፍ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ካለው የተጣራ ቁጥር ይበልጣል፤ ልዩነቱ ስለ ብድሩ መጠን ፍንጭ ይሰጣል። ከንብረቱ ምን ያህሉ በገለልተኛ ወገን ዋጋ እንደወጣለትም ተጽፏል። ይህ ቁጥር ዝቅ ብሎ የአፈጻጸም ክፍያው ገና ባልተሸጠ ንብረት ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ አስተዳዳሪው የራሱን ደመወዝ ራሱ እየገመተ ነው ማለት ነው።

ምዝገባ ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ የአሜሪካዊው የገንዘብ አስተዳዳሪ የበርናርድ ማዶፍ ጉዳይ በቂ ማስረጃ ነው፤ ድርጅቱ በአማካሪነት የተመዘገበው በ2006 ሲሆን ማጭበርበሩ የተጋለጠው በ2008 ነው። የደንበኞቹ ንብረት የሚቀመጠው በራሱ ድርጅት ነበር፣ ኦዲተሩም እጅግ ትንሽ ቢሮ ነበር። ስለዚህ ለኦዲተሩና ለንብረት ጠባቂው በሌላ ቦታ ባገኙት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። የተመረመረው ሒሳብም አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ በተዘጋ በ120 ቀናት ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል።

መውጫው ላይ ጊዜ ይስጡ። መውጣት የማይቻልበትን የመጀመሪያ ዘመን፣ የማስታወቂያ ቀናቱን፣ ጌት የሚባለውን የመውጫ ገደብ፣ ለመሸጥ የሚያስቸግር ንብረት ተነጥሎ የሚቀመጥበትን ሳይድ ፖኬት አንድ በአንድ ይጻፉ። ጌቱ «በሩብ ዓመት 25 በመቶ» ካለ ከምን ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከሆነ በአራት ሩብ ዓመት ሁሉም ይወጣል። ከቀሪው ላይ ከሆነ ግን ትርፍና ኪሳራ ባይኖርም ከ1 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 316,000 ገደማ ከዓመት በኋላም እዚያው ነው፤ የአስተዳደር ክፍያም ይቆረጥበታል።

ርዕስ 9 የቅጣት ታሪክ ነው፤ ባዶ ከሆነ አልፈውት ይሂዱ። ርዕስ 12 ላይ የደላላ ኮሚሽን ለምርምር መግዣ ይውል እንደሆነ ይዩ፤ ያም ከእርስዎ ኪስ ነው።

ከገቡ በኋላ

ኤስኢሲ በ2023 የግል ፈንድ አስተዳዳሪዎች በየሩብ ዓመቱ የክፍያና የወጪ ዝርዝር እንዲሰጡ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በሰኔ 2024 ግን የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያገኙት በውል ካስገቡት ነው። ከመፈረምዎ በፊት በየወሩ ከሒሳብ ያዡ በቀጥታ እንዲደርስዎ፣ ተጠራቅሞ ገና ያልተቆረጠውን የአፈጻጸም ክፍያም ለብቻ እንዲያሳይ ይጠይቁ።

ብሮሹሩ የአስተዳዳሪው የበጀት ዓመት ባለቀ በ90 ቀናት ውስጥ ይታደሳል። አዲሱ ሲወጣ መጀመሪያ ርዕስ 2ን ያንብቡ፤ ዋና ዋና ለውጦች የሚዘረዘሩት እዚያ ነው። «ዋና» የሚለውን የሚወስነው አስተዳዳሪው ስለሆነ ግን የአምናውን ፋይል አስቀምጠው ርዕስ 5ንና ርዕስ 8ን ራስዎ ያስተያዩ። አዲስ ወጪ በአንዱ፣ አዲስ የስጋት አንቀጽ በሌላው በአንድ ዓመት ውስጥ አብረው ከገቡ፣ የመውጫ ማስታወቂያው ቀን ሳያልፍ ደውለው ምክንያቱን ይጠይቁ።