ዴስክቶፑ አልነሳም ሲል ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኮምፒውተሬ ሞተ» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ጊዜ ካቻቢቴው በእጁ ነው። የኬዙን ጎን ፈቷል፣ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነቅሏል፣ ገመዶቹን አላቋል። የትኛው የት እንደነበር ግን አያስታውስም። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ችግር ከማየቴ በፊት እሱ የጨመረበትን መፍታት አለብኝ። ብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ጣጣውን የምናበዛው እኛው ነን፤ ያውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት።

«አልነሳም አለ» ብሎ ማለፍ

አልነሳም ማለት ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ፋንም አይዞርም፣ መብራትም የለም፤ ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ራም፣ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ወይም በደንብ ያልተሰካ ገመድ ይጠረጠራል። የአምራቹ ሎጎ ወጥቶ ዊንዶውስ ጋ ሲደርስ ከተገተረ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ዲስኩና ዊንዶውሱ ነው። ሎጎ የሚያሳይ ኮምፒውተር ይዞ አዲስ ፓወር ሳፕላይ (ኤሌክትሪኩን ለኮምፒውተሩ የሚያድለውን ሳጥን) ሊገዛ የተነሳ ሰው አጋጥሞኛል። የት ላይ እንደቆመ ሳታዩ ምንም አትግዙ።

ሳይነኩ «ተሰክቷል» ማለት

ሁሉም ሰው «ሰክቼዋለሁ» ይላል። ከኋላ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። የተጫነው በመስመሯ በኩል ከሆነ ክፍት ነው፣ በክቧ በኩል ከሆነ ዝግ። ጠረጴዛ ስር ሲጠረግ መጥረጊያ ነክቷት ብቻ «የተቃጠለ» ኮምፒውተር አይቻለሁ። ማከፋፈያውንም አትመኑት፤ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሞክሩ። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሳፕላይ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለው። እሱን ለሙከራ አትነካኩ። ከ220 እስከ 240 ቮልት ባለው መስመር ላይ 115 አድርጎ ማብራት ፓወር ሳፕላዩን በጭስ መሸኘት ነው።

የሞኒተሩ ገመድም አለ። ግራፊክስ ካርድ ለብቻው የተገጠመለት ኮምፒውተር ላይ ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ አይደለም። ዕቃ አንቀሳቅሶ መልሶ የሚሰካ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ራሙን በጥድፊያ መንቀልና መመለስ

ራም ነቅሎ መልሶ መግጠም ጥሩ ሙከራ ነው። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ገመድ ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ራሙን እንዳይጎዳው ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ። አሁን ራሙን አውጡ። ስትመልሱት የጠርዙ ክፍተት ከሶኬቱ ጋር መግጠሙን አይታችሁ ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኑ፤ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት።

ይህችን «ቀጭ» እኔም ራሴ ንቄያት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ማዘርቦርዱ ሞቷል ብዬ ለባለቤቱ ከነገርኩት በኋላ፣ ዕቃውን ልሰበስብ ስል ራሙ በአንድ ጎኑ ፀጉር የምታህል ከፍ ብሎ አየሁት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ተነሳ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሁለት ራም ካለ አንድ አንዱን ለየብቻ ሞክሩ። የወርቅማውን ጥርስ በላጲስ መፈተግ የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አልወደውም። ብናኙ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ክር የማይለቅ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ ዓይነት ራም ያለው ኮምፒውተር ራም ከተቀየረለት ወይም ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ወደ መጀመሪያው ሴቲንግ ከተመለሰ በኋላ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። ራሙን እያስተካከለ ነው። እምቢ አለ ብላችሁ በየሠላሳ ሰከንዱ ካጠፋችሁት ሥራውን በየጊዜው ከዜሮ ታስጀምሩታላችሁ። ሻይ ጠጡና ተመለሱ።

አምስት ነገር በአንዴ መቀየር

ራም ቀይሮ፣ ባትሪ አውጥቶ፣ ገመድ ለውጦ ቢነሳ ያዳነው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? አንድ ነገር ቀይሩ፣ አብሩ፣ እዩ። ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፍላሽና ኤክስተርናል ዲስክ ካለ አውጡ፤ ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ኮምፒውተሩን «ቡት የሚሆን (የምነሳበት) ዲስክ የለም» ሊያሰኘው ይችላል።

ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት የኃይል ገመድ እንዳለም አትርሱ። ትልቁ ባለ 24 ፒን ነው። ሌላው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ሆኖ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ጥግ ላይ ይሰካል። እሱ ከተረሳ ፋን ይዞራል፣ ምስል ግን የለም። አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ዲራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ)፣ ቡት (የሚነሳበት ዲስክ) የሚል የተጻፈባቸው ጥቃቅን መብራቶች ይኖራሉ። በርቶ የቀረው መብራት የት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል፤ ብዙ ሰው ግን አያያቸውም።

የፓወር ሳፕላይ ገመድ ማለዋወጥ

ገመዳቸው ከሳጥኑ የሚነቀል ፓወር ሳፕላዮች አሉ። ከሌላ ፓወር ሳፕላይ የመጣ ገመድ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ የውስጡ ሽቦ አደራደር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ዲስክና ማዘርቦርድ የሚያቃጥለው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሳጥኑን ራሱን ደግሞ ፈጽሞ አትክፈቱት። ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ባዮስ ውስጥ ገብቶ መነካካት

ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ ካስቸገረ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ቀይሩ። ሌላውን ሴቲንግ ግን ሳታውቁ አትለውጡ። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር የበራበት ኮምፒውተር እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲያይ የ48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

ፎርማት፣ ፎርማት፣ ፎርማት

ሁሉን የሚያስረሳው ስህተት ይኸኛው ነው። ዊንዶውስ በተከታታይ መነሳት ሲያቅተው ብዙ ጊዜ የራሱን የጥገና ገጽ ይከፍታል። እዚያ ራሱን በራሱ የሚጠግንበት፣ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ (በሴፍ ሞድ) የሚነሳበት፣ በቅርቡ የገባውን አፕዴት የሚያወጣበት አማራጭ አለ። እነዚህን ሳይሞክሩ ፎርማት ማድረግ (ዲስኩን ጠርጎ ባዶ ማድረግ) የሰውን የዓመታት ፎቶ መጣል ነው።

ሃርድ ዲስኩ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ጥገናውንም ተዉት። የዲስክ ምርመራ አታስጀምሩ፣ ደጋግማችሁም አታብሩት። በተነሳ ቁጥር ይብስበታል። ውስጡ ያለው የማይተካ ከሆነ ነቅላችሁ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት። ራሳችሁ ልሞክር ካላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መጀመሪያ ፎቶውንና ሰነዱን ቅዱ። ፊልሙ ይቆይ።