የእግዚአብሔርን ድንቅ ሥራ በቤታችን እንዴት እናስታውስ? ብሉይ ኪዳን ራሱ የሚያሳየው መንገድ

በብሉይ ኪዳን ውስጥ «አስቡ፣ አትርሱ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። አብሮት አንድ ሥራ ይታዘዛል። ድንጋይ ተሸከሙ፣ ቂጣ ብሉ፣ ዳስ ሥሩ፣ በልብሳችሁ ጫፍ ላይ ዘርፍ አድርጉ፣ ለልጃችሁ ንገሩ ይላል። ማስታወስ እዚያ የእጅና የአፍ ሥራ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለልብ ብቻ እንተወዋለን፤ ልብ ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

መርሳት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 2 ላይ ታያላችሁ። ኢያሱ ሞተ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩትም አለፉ። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔርንም፣ ለእስራኤል ያደረገውንም ሥራ የማያውቅ ትውልድ ተነሣ። ከዮርዳኖስ መሻገር እስከዚያ ያለው ጊዜ ያን ያህል ረጅም አልነበረም። የአንድ ትውልድ ዝምታ በቂ ሆነ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ነገር በቤታችሁ የምትሠሩት ነው። ብዙ ወጪ የለውም። ትንሽ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ፦ አንድ ታሪክ ብቻ ምረጡ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስታወስ አትሞክሩ። ከፍጥረት እስከ ነቢያት ያለውን በአንድ ሳምንት ልጨርስ ያለ ሰው ምንም ሳይይዝ ይቀራል። አንድ ሥራ ምረጡ። የቀይ ባሕር መከፈል (ዘጸአት 14)፣ መና (ዘጸአት 16)፣ የሰራፕታዋ መበለት ዱቄትና ዘይት (1 ነገሥት 17)፣ ወይም የሐና ልጅ ማግኘት (1 ሳሙኤል 1) ሊሆን ይችላል።

የእኔ ምክር ግን በዮርዳኖስ መሻገር ጀምሩ የሚል ነው፤ ኢያሱ 3 እና 4። ምክንያቱም ይህ ታሪክ ተአምሩን ብቻ ነግሮን አያቆምም፤ እንዴት እንደሚታወስም አብሮ ያስተምራል።

ሁለቱን ምዕራፎች ድምፅ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ጥቃቅኑን ነገር አትዝለሉት። ወቅቱ መከር ነው፤ ዮርዳኖስ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ውኃው የቆመው ካህናቱ እግራቸውን ከነከሩ በኋላ ነው፤ በፊት አይደለም። የቆመውም እነርሱ ፊት ለፊት ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ አዳም በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። የተሻገሩበት ቀን የመጀመሪያው ወር 10ኛ ቀን ነው። ይህ ቀን በግብፅ ሳሉ የፋሲካውን በግ ለይተው እንዲያስቀምጡ የታዘዙበት ቀን ነው (ዘጸአት 12፥3)። እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው ታሪኩን አእምሮ ውስጥ የሚያስቀረው።

ከዚያ መጽሐፉን ዝጉትና ለራሳችሁ ተርኩት። የጠፋባችሁን ቦታ ተመልሳችሁ እዩ። ሳትጨነቁ መተረክ ስትችሉ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ስለ መዝሙር ቁጥር አንድ ነገር ልበል። እዚህ መዝሙር 77 የምለው በኦርቶዶክሱ መዝሙረ ዳዊት 76 ነው። አብዛኞቹ መዝሙራት እንዲህ በአንድ ቁጥር ይለያያሉ፤ ፈልጋችሁ ስታጡ አንድ ቀንሱ።

ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር አስቀምጡ

ከየነገዱ አንድ አንድ ሰው፣ በአጠቃላይ 12 ሰዎች፣ ከዮርዳኖስ መካከል አንዳንድ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ኢያሱ ድንጋዮቹን በጌልገላ አቆማቸው። ለምን? ወደ ፊት ልጆች «እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ። ይህን ልብ በሉ፤ ድንጋዩ ራሱ ምንም አይናገርም። ሥራው ማስጠየቅ ነው። መልሱን የሚሰጠው ወላጅ ነው።

የፋሲካውም ማዕድ እንዲሁ ነው። ዘጸአት 12 ላይ ልጆቻችሁ «ይህ አገልግሎት ምንድን ነው?» ሲሏችሁ እንዲህ በሉ ይላል። እስከ ዛሬ በአይሁድ የፋሲካ ማዕድ ላይ ጥያቄውን የሚያነሳው እንደ ልማዱ ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ነው።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ልጆች በየቀኑ የሚያልፉበት ቦታ ላይ አንድ ነገር አኑሩ። ድንጋይ ከሆነ ለስለስ ያለ፣ በእጅ የሚያዝ ይሁን። የመናን ታሪክ ከመረጣችሁ ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ ትበቃለች፤ ሙሴም አንድ ጎሞር (የመስፈሪያ ስም ነው) መና በማሰሮ ተደርጎ ለትውልድ እንዲጠበቅ አዞ ነበር። ካስቀመጣችሁ በኋላ ዝም በሉ። «ኑ ልንገራችሁ» ብላችሁ አትጥሩ። ልጁ ራሱ ይምጣ። ጠይቆ የሰማውን ነገር ልጅ አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ቀላል ነገር አይደለም። ሙሴ በምድረ በዳ የሠራው የናስ እባብ እግዚአብሔር ሕዝቡን ከሞት ያዳነበት ምልክት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሰዎች ዕጣን ያጥኑለት ጀመር። ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው (2 ነገሥት 18፥4)። መታሰቢያ የሆነ ዕቃ ታሪኩን ማስጠየቁን ትቶ እንደ ክታብ መታየት ከጀመረ አንሡት። ታሪኩ ዕቃው ባይኖርም ይነገራል።

ስትናገሩ «እኛን» በሉ

ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ነው፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ዘዳግም 26 ላይ ገበሬው የመጀመሪያውን ፍሬ በእንቅብ ይዞ ወደ ካህኑ ይመጣል። እንቅቡ መሠዊያው ፊት ይቀመጣል። ከዚያ ገበሬው በቃሉ የሚናገረው አጭር ታሪክ አለ። አባቴ ተንከራታች ሶርያዊ ነበር ብሎ ይጀምራል። በጥቂት ሰው ወደ ግብፅ ወረደ፣ እዚያም ታላቅ ሕዝብ ሆነ ይላል። እስከዚህ ድረስ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ቀጥሎ ግን ንግግሩ ይለወጣል። ግብጻውያን አስጨነቁን፣ ጮኽን፣ እግዚአብሔር ድምፃችንን ሰማ፣ በጸናች እጅ አወጣን ይላል።

ይህን የሚለው ሰው ግብፅን በዓይኑ ላያያት ይችላል። አያት ቅድመ አያቱም ላያዩአት ይችላሉ። ግን «አወጣቸው» አይልም። ዘጸአት 13፥8 ላይም አባት ለልጁ ከግብፅ በወጣሁ ጊዜ እግዚአብሔር ለእኔ ስላደረገልኝ ነው እንዲል ታዟል።

እናንተም ስትተርኩ ይህንኑ ሞክሩ። ታሪኩን ከዝቅታው ጀምሩት፤ ከባርነቱ፣ ከረሃቡ፣ ከመንከራተቱ። ድሉን አታስቀድሙ። ከዚያ መሃል ላይ «እኛ» ወደሚለው ግቡ። ገበሬው መጨረሻ ላይ አሁን የምድሪቱን ፍሬ አመጣሁ ይላል፤ ማለትም ታሪኩን ዛሬ በእጁ ባለው ነገር ይዘጋዋል። እናንተም የቤታችሁን አንድ እውነተኛ ነገር ጨምሩ። አባታችሁ ከበሽታ የተነሡበት፣ እናታችሁ ብቻቸውን ያሳደጓችሁ፣ በስደት መንገድ ላይ የተረፋችሁበት ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን በሆነው ልክ ይነገር። ለማሳመር ብላችሁ ተአምር አትጨምሩበት። ልጆች ሲያድጉ ያጣራሉ፤ የተጨመረውን ሲያገኙ እውነተኛውንም ይጥሉታል።

ከታሪኩ በኋላ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ምዕራፉ በመልካሙ ነገር ሁሉ ደስ ይበላችሁ ይላል፤ ሌዋዊውና መጻተኛውም አብረው። ስለዚህ ማዕዱ ላይ እንግዳ ጥሩ።

ውድቀቱን አትደብቁ

መዝሙር 105 እና 106ን በአንድ ምሽት አንብቧቸው። ሁለቱም አንዱን ታሪክ ያወራሉ። 105 እግዚአብሔር ያደረገውን ብቻ ይዘረዝራል፤ ሕዝቡ ማጉረምረሙን እንኳ አያነሣም። 106 ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሄዶ ፈጥነው ሥራውን ረሱ ይላል፤ የወርቁን ጥጃም ያነሣል። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የሚያስተምር ነው። አንዱን ብቻ ይዞ ያደገ ልጅ አባቶቹ ሁሉ ቅዱሳን ይመስሉታል፤ እርሱ ሲወድቅ ደግሞ ቦታ ያጣል።

ትዝታም ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል አሳዩአቸው። ዘኍልቍ 11 ላይ ሕዝቡ በግብፅ ያለ ዋጋ የበሉትን ዓሣ፣ ዱባ፣ በጢኽ፣ ኩራትና ሽንኩርት ያስባሉ። ያለ ዋጋ! ዋጋው ባርነት ነበር፤ ወንድ ልጆቻቸው ወደ ወንዝ ተጥለው ነበር። ምግቡን አስታውሰው ጡቡን ረሱ። ስለ ድሮው ስታወሩ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፤ ምን ትተን ነው የምናወራው?

ቀን ቁረጡለት

ቀን ያልተቆረጠለት ነገር አይደረግም። የዳስ በዓል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዘሌዋውያን 23 ሰባት ቀን በዳስ ተቀመጡ ይላል፤ ምክንያቱንም ይነግራል፤ ከግብፅ ሳወጣችሁ በዳስ እንዳስቀመጥኋችሁ ልጆቻችሁ ያውቁ ዘንድ። ጥሩ ቤት የሠራ ሰው በዓመት አንዴ ከቤቱ ወጥቶ ቅጠል ሥር ይቀመጣል።

ከእኛው አገር ደግሞ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በዓል የሆነው ስግድ አለ። ከአስተሥርዮ (ከኃጢአት ማስተስረያ) ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ይከበራል። በኢትዮጵያ ሳሉ ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ያነብባሉ፤ የሲናን ሕግ መሰጠትና የነህምያን ንባብ ይሰማሉ። ከዚያ ወርደው ጾሙን በማዕድ ይፈታሉ። ዛሬ በእስራኤል ሰዉ ኢየሩሳሌም ላይ ይሰበሰባል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን የአገር በዓል አድርጎታል። ነህምያ 9ን አንብቡት፤ ከፍጥረት ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ጸሎት ያስታውሳል። የእግዚአብሔርን ቸርነትና የሕዝቡን ጥፋት እያፈራረቀ ይሄዳል።

ለቤታችሁ የትኛውን ቀን ትመርጣላችሁ? እኔ የምለው የጥጋብ ቀን ምረጡ ነው። ዘዳግም 8 የመርሳት አደጋ የሚመጣው ስንራብ ነው አይልም። ስትበላና ስትጠግብ፣ መልካም ቤት ሠርተህ ስትቀመጥ፣ ብርና ወርቅህ ሲበዛ ተጠንቀቅ ይላል። በችግር ጊዜ ማንም ሰው ይጸልያል። ስለዚህ ደሞዝ የሚገባበት ቀን ማታ ጥሩ ነው። ወይም አዲስ ቤት የገባችሁበት ቀን፤ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛችሁበት። ያችን ማታ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልኩ ይቀመጥ፣ ታሪኩ ይነገር።

በዜማ አድርጉት

ለዚህ መዝሙር 136 ይበቃል። 26 ቁጥሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ያንብብ፣ ሌሎቹ ይመልሱ። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ አብሮ ይላል። ከጨረሳችሁ በኋላ የራሳችሁን መስመር ጨምሩና ቤተሰቡ በዚያው ቃል ይመልስ። የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ያላችሁ ደግሞ ከመዝሙሮቹ በኋላ ያለውን ጸሎተ ነቢያት ክፈቱ፤ መጀመሪያ የምታገኙት ሙሴ ባሕሩን ተሻግሮ የዘመረውን ነው።

ምንም ሳይሰማችሁ ሲቀር

አንዳንድ ቀን ታሪኩ ሁሉ ባዶ ይመስላል። የታመመ ሰው ቤት ውስጥ አለ፤ ጸሎት አልተመለሰም። እንዲህ ባለ ቀን «አመስግኑ» ብላችሁ ማንንም አታስገድዱ። መዝሙር 77ን አንብቡ። ዘማሪው አሳፍ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ጌታ ለዘላለም ይጥላልን? ቸርነቱ ለዘላለም ተቋረጠን? እያለ ስድስት ጥያቄ በተከታታይ ይጠይቃል። ከዚያ የቀደመውን ተአምራት ለማስታወስ ይወስናል፤ ስለ ባሕሩም ይናገራል፣ ውኆች አይተው እንደፈሩ። መዝሙሩ በሙሴና በአሮን እጅ እንደ በግ መንጋ መራቸው ብሎ ያልቃል። ለስድስቱ ጥያቄዎች ግን መልስ አልጻፈም። ስለዚህ ጥያቄያችሁንም፣ ትዝታችሁንም አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ትችላላችሁ። አንዱ ሌላውን መሰረዝ የለበትም።

ብቻችሁን ከሆናችሁ

ልጅ የለኝም፣ በሰው አገር ብቻዬን ነኝ የምትሉ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መዝሙር 111ን በቃል አጥኑ፤ 10 ቁጥር ብቻ ነው፤ ለተአምራቱ መታሰቢያን አደረገ የሚለው እዚያ ነው። ዕብራይስጡ በ22ቱ ፊደላት ቅደም ተከተል የተጻፈ ስለሆነ በቃል ለመያዝ የታሰበ ይመስለኛል። አንድ ደብተር ግዙና ሳሙኤል በምጽጳና በሼን መካከል ላቆመው ድንጋይ የሰጠውን ስም፣ አቤንኤዘርን፣ ርዕስ አድርጉት። «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ብሎ ነበር የሰየመው። ሥሩ ቀንና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። ተራኪ የሚፈልግ ታናሽ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ አገር ቤት ካለ፣ በሳምንት አንድ ታሪክ በድምፅ መልእክት ላኩለት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ካለህ መልስልኝ» በሉት፤ ከጠየቀ የሚቀጥለው ሳምንት መልእክት ከጥያቄው ይጀምር።