የአእምሮና የሱስ ታካሚን መብት የሚያሳጡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል ብቻውን የሚመጣ ታካሚ ጥቂት ነው። እናት፣ ወንድም፣ አንዳንዴም ጎረቤት አብሮ ይገባል። ደግ ነገር ነው፤ አስታማሚ የሌለው ሰው ካርድ ከማውጣት ጀምሮ ይንገላታል። ነገሩ የሚበላሸው አስታማሚው በታካሚው አፍ መናገር ሲጀምር ነው።

ታካሚው ተቀምጦ ስለ እሱ ማውራት

ባለሙያው «ምን ሆነህ መጣህ?» ይላል። እናት ነጠላዋን እያስተካከለች «አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል» ብላ ትመልሳለች። ልጁ ወለል ወለሉን ሲያይ ቆይቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። የጎደለው ክብሩ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናውም ጎድሏል። በቀን ምን ያህል አረቄ እንደሚጠጣ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት ያስብ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚመታው ቤተሰብ ፊት የሚናገር ስንት ሰው አለ? «ዶክተር፣ ለብቻዬ ላነጋግርዎት» ማለት የታካሚው መብት ነው። እሱ ካልደፈረ አስታማሚው የሚያውቀውን ተናግሮ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይውጣ፣ በሩም ይዘጋ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ለታካሚዋ የሚቀናት ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ እንዲጠራላት ይጠየቅ። ባል እያስተረጎመ ሚስት ስለ ባሏ ዱላ እንዴት ብላ ትናገር?

«ፈርሙ» ሲባል መፈረም

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው አልመረመርም፣ አልታከምም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የበሽታው ስም ስኪዞፍሬኒያን የመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም መሆኑ ብቻውን ይህን አይሽረውም። የሚነገረውን የሚረዳና መወሰን የሚችል ሰው የሚፈርመው ራሱ ነው። ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ተቃርቦ በድንገተኛ መታከም ካለበትም ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ለራሱም ይነገረው፤ ሲረጋጋ ደግሞ ፈቃዱ እንደገና ይጠየቅ።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ስሙ ማን ነው? ለምን ታዘዘ? ምን ያህል ጊዜ ይወሰዳል? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ሌላ አማራጭ አለ? ጥያቄው ለወጉ ያህል የሚጠየቅ አይደለም። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ይችላል። ያልተነገረው ቤተሰብ «መንፈሱ ባሰበት» ብሎ ወደ ጸበል ይሮጣል፤ ጤና ተቋም ቢሄድ ግን በመርፌ በአጭር ጊዜ የሚፈታ ነገር ነው። ለተመሳሳይ ሕመም የሚሰጠው ፍሉፌናዚን የሚባለው መርፌ ደግሞ አንዴ ከተወጋ ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ጥያቄ ካለ ከመወጋት በፊት ነው። ሴቶች ላይ አንድ ነገር በተደጋጋሚ ይዘነጋል፦ ካርባማዜፒን የሚባለው መድኃኒት በክንድ የሚቀበረውንና በአፍ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ ኃይል ይቀንሳል፤ ቫልፕሮኤት የሚባለው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ይጎዳል። ይህን ሳይሰሙ መድኃኒቱን ተቀብሎ መውጣት ትልቅ ስህተት ነው።

የበሽታውን ስም ለአለቃ መስጠት

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ስትታመም ብዙ ጊዜ ሙሉ የሕክምና ወረቀቷን ለሱፐርቫይዘሯ ታስረክባለች፤ በማግስቱ አብሯት የሚሠራው ሁሉ ያውቃል። አያስፈልግም። ለአሠሪ የሚሄደው ወረቀት ላይ የዕረፍቱ ቀን ብቻ እንዲሰፍር ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ አላት፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ባለሙያው የታካሚን ምስጢር ቢያወጣ ደግሞ የሚያስቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 አለ፤ ጉዳዩ የሚንቀሳቀሰው ግን ተጎጂው ሲያመለክት ነው።

ሱሰኛን ቆልፎ «ማስተው»

ጫት ያቆመ ሰው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሌሊት ይቃዣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። አልኮል እንደዚያ አይደለም። በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረን ሰው ክፍል ውስጥ ቆልፎ በአንድ ጊዜ ማስቆም ሊገድለው ይችላል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ በ6 ሰዓት ገደማ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያልበዋል፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱን ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ የሌለ ነገር እያየ ሊቀባዥር፣ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል። ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ሪፈር ሳይጠበቅ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ለአምቡላንስ 907 ይደወላል። እዚያም መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ፣ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1)ም ይሰጠዋል።

ሰውን በሰንሰለት ማሰር የትም ቢሆን ያው ነው፤ ቤት ሆነ ጸበል ቦታ ወይም «ማገገሚያ» የሚል ታፔላ የለጠፈ ግቢ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ከልክሏል። ጸበሉን መተው የግድ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ አብሮ ይሄዳል። ማገገሚያ ግን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይጣራ፦ የፈቃድ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ? ሌሊት የሚያድረው የጤና ባለሙያ ማን ነው? ታካሚው ቤተሰቡን በስልክ ማነጋገር ይችላል? መውጣት ሲፈልግስ? የመጨረሻውን ጥያቄ አድበስብሶ የሚያልፍ ቤት ውስጥ ሰው አይተውም።

ተጨቃጭቆ መሄድ

ከጥበቃው ጋር መጮህ ቅሬታ አይባልም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉንና የካርዱን ቁጥር፣ የተባለውን ቃል በቃል በአንድ ገጽ ጽፎ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ማስገባት፤ በእጅ በሚቀረው ኮፒ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ሳያስመቱ አለመውጣት። መልስ ከጠፋ ኮፒውን ይዞ ወደ ጤና ቢሮ፣ ጉዳዩ ማሰር ወይም ድብደባ ከሆነ ደግሞ ከተማው ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቅርንጫፍ መሄድ ነው።